የደጎሌ አውጫጭኝ

በ2091 ዓ.ም. ክረምት የጎርፍ ማስጠንቀቂያ በቁጥር መነገሩ ከቀረ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። ሰው ለቁጥር አይነሳም። ውሃው በቀን ስንት ሜትር እንደሚገፋ፣ የትኛውን ቀበሌ መቼ እንደሚውጥ ሲነገረው «እሺ» ይልና ወደ እራቱ ይመለሳል። ለተረት ግን ይነሳል ተባለ። ነገሩ ተጠና፣ ጥናቱ ጸደቀ፣ ሲጸድቅም ቢሮ ተከፈተለት።

ኤልዳና በዚህ የማስጠንቀቂያ ትረካ ቢሮ ውስጥ፣ ኮምቦልቻ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ቢሮው ከተከፈተ ጀምሮ ትሠራለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ነው። ጠዋት ትገባለች፣ እርጥብ ጃኬቷን ወንበር ላይ ታሰጣለች፣ በዚያ ሳምንት ውሃ የሚገባባቸውን መንደሮች ዝርዝር ታነባለች። ከዚያ ለእያንዳንዱ መንደር፣ በዓለም ላይ ከተነገሩት የጥፋት ውሃ ተረቶች መካከል ሰዉን ከቤቱ የሚያስነሳውን ትመርጣለች። ሥራዋ ይኸው ነው፤ ማነጻጸር።

ዓሣ አጥማጆች ባሉበት የሕንዶቹ ተረት ይሠራል። አንድ ሰው እጁን ሲታጠብ ትንሽ ዓሣ መዳፉ ላይ ትወጣና «አሳድገኝ፣ እኔም ከሚመጣው ውሃ አድንሃለሁ» ትለዋለች። ከብት አርቢዎች ዘንድ ደግሞ የሩቅ ምዕራብ ተራሮች ተረት ይነገራል፤ እንስሳው ሣር አልበላ ብሎ፣ ዓይኑን ኮከብ ላይ ተክሎ፣ ባለቤቱን ወደ ጫፍ ያስወጣዋል። እንስሳው እዚህ አገር ስለማይታወቅ ቢሮው በግመል ይተካዋል። ነጋዴ የሚበዛባቸው ከተሞች የሁለቱን ወንዞች አገር ተረት ይወዳሉ። አማልክቱ የሰው ጫጫታ እንቅልፍ ቢነሳቸው ውሃ ለቀቁ ሲባል ነጋዴው ይስቃል፤ ስቆ ሲያበቃ ግን ዕቃውን መጠቅለል ይጀምራል። የመርከቡን ታሪክ መጠቀም ክልክል ነው። ሁሉም ስለሚያውቀው ሁሉም ራሱን መርከቡ ውስጥ ያገኘዋል፣ መርከብ ውስጥ ነኝ የሚል ሰው ደግሞ ቤቱን አይለቅም።

ኤልዳና ከእነዚህ ተረቶች አራት መቶ ያህሉን አንብባለች። ኋላ የመጡ ደራስያን ከእነሱ የቀዱትን ልብ ወለድና ግጥምም እንዲሁ። የታዘበችው አንድ ነገር ነው። የትኛውም አገር ይሁን፣ በየትኛውም ዘመን ይጻፍ፣ ተራኪው ሁልጊዜ በሩ ከተዘጋ በኋላ ውስጥ ያለው ሰው ነው። በሩን ከውጭ ስለደበደበው ጎረቤት የሚናገር የለም፤ ቢኖርም አንድ መስመር ነው። እሷም በሥራ ዘመኗ ሁሉ ተረቱን ሰምቶ ራሱን ከሰመጡት ጋር የቆጠረ አንድ ሰው አልገጠማትም። ይህን በስብሰባ ላይ ተናግራ ታውቃለች። ቃለ ጉባኤ ተያዘበት፣ ከዚያ ምሳ ሆነ።

ተረቱን ለሕዝቡ የሚናገረው ሕያው ሰው አይደለም። ቢሮው ከየመንደሩ ሙታን መካከል የተከበሩትን ይመርጥና በእነሱ ድምፅ ያዘጋጀዋል፤ ጠዋት ሰዉ ስልኩን ሲያነሳ የሞተች አያቱ ታናግረዋለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰው እያለቀሰ ጓዙን ጠቅልሎ ወጥቷል። በኋላ ግን ሌሎች ቢሮዎችም ነገሩን ወደዱት። ሟቾች ስለ ክትባት፣ ስለ መንገድ መዘጋት፣ ስለ ቆሻሻ መጣያ ቀን ይናገሩ ጀመር። አሁን የእናቱን ድምፅ በስልክ ሲሰማ ልቡ የሚደነግጥ ሰው የለም። ጥቂት ይሰማትና ይዘጋባታል።

የደጎሌ ፋይል ማክሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ ደረሰ። ደጎሌ የተወለደችበት መንደር ናት፣ ከሐይቁ ዳር። ሐይቁ ለአርባ ዓመት በያመቱ ትንሽ ትንሽ ሲሰፋ ቆይቶ በዚህ ክረምት ፍጥነቱን ጨመረ። ፋይሉ አጭር ነበር። ሦስት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተልኳል። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ከነልጆቹ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተቀምጧል። ለመነሳት ፈቃደኛ የሆነ የለም። ምክንያት፦ የአካባቢው ተረት፣ ተቀምጣ የዳነችው ሴት። የተረቱ ሰብሳቢ፦ ኤልዳና፣ 2058 ዓ.ም.።

ስሟን አንብባ መነጽሯን አወለቀች። ብታወልቀውም ስሙ እዚያው ነበር።

አለቃዋ ናታን ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ትሁት፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው ነው።

«ወይዘሮ ኤልዳና፣ ደጎሌን አዩት?»

«አየሁት።»

«ምን ነካቸው? ውሃው እኮ በዓይናቸው እየታየ ነው።»

«የተቀመጠ ሰው ያለበት መሬት ከፍ ይላል፣ የሮጠ ይሰምጣል ብለው ነው።»

«ማን አላቸው?»

ፋይሉን አዙራ አሳየችው። ናታን ስሟን አነበበ፣ ቀና ብሎ አያት፣ እንደገና አነበበ።

«ተረቱ እንዲህ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም» አለች። ሠላሳ ሦስት ዓመት ለማንም ያላለችው ቃል ሲወጣ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ገረማት። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኤልዳና ሃያ አምስት ዓመቷ ሳለ ከዩኒቨርሲቲ መቅረጫ ይዛ ወደ ደጎሌ ወረደች። ታላቅ እህቷ ሶልያና እማማ ጦይባ የተባሉ የመንደሩ ሽማግሌ ሴት ዘንድ ወሰደቻት። እማማ ጦይባ የሐይቁን አመጣጥ ነገሯቸው። አንድ ሀብታም ሰርግ ደገሰ። ነፍሰ ጡር መንገደኛ መጣች፣ ዳሱ ውስጥ ቦታ ከለከሏት፣ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ውሃ ከመሬት ሲፈልቅ ያቺ ሴት ተነስታ ሄደች። እግሯን ካነሳችበት ሁሉ ውሃው ይሞላ ነበር። ሰርገኞቹ ግን ከቦታችን ብንነሳ ሌላ ሰው ይይዝብናል ብለው እንደተቀመጡ ቀሩ። ሴትየዋ ዳገቱን ወጥታ ወለደች፣ ደጎሌዎችም የዚያ ልጅ ዘር ናቸው።

ያኔ የሚሞላው ቅጽ «የዳነው በምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ነበረው። መልሶቹ መርከብ፣ ዛፍ፣ ቅል፣ ተራራ፣ ከውሃ የወጣ መሬት ነበሩ። በእግር ሄዶ ለዳነ ሰው ቦታ የለም። ጥፋቱ የቅጹ ብቻ ቢሆን ግን ይቅርታ ባገኘች ነበር። ኤልዳና የምትጽፈው ጥናት ከውሃ ስለሚወጣ መሬት ነበር። የደሴት አገሮች ተረት አላት፣ ወፍ ጠልቃ ጭቃ ያወጣችበት የሰሜን ሕዝቦች ተረት አላት፣ ከገዛ አገሯ ግን አንድም የላትም። አንድ ፈለገች። ስለዚህ ነፍሰ ጡሯን ሴት ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠች ተወቻት፤ ሰርገኞቹን አስሩጣ አሰጠመች፣ ከሴትየዋ በታች ያለውን መሬት ከፍ አደረገች። የአንድ ዓረፍተ ነገር ሥራ ነው።

ጥናቱ ተወደደ። ተረቱ የተማሪዎች መጽሐፍ ውስጥ ገባ፣ ተውኔት ተሠራበት፣ ዘፈን ወጣለት። በደጎሌ ሙሽራ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ «አልነሳም» የምትልበት ሥርዓት ተጀመረ፣ አሥር ዓመት ሳይሞላው «የጥንት ባህላችን» ተባለ። እማማ ጦይባ በዚያው ዓመት ስለሞቱ የሚቃወም አልነበረም።

ናታን አንገቱን አከከ። «ታዲያ ትክክለኛውን በእማማ ጦይባ ድምፅ እንላክላቸዋ። ቅጂው አለ አይደል?»

«ሦስቱን ጊዜ የተላከው እኮ በእሳቸው ድምፅ ነው፣ ናታን። ማን ያምናል?»

ናታን ፋይሉን ዘጋ። «እህትዎ እዚያ ናቸው?»

«ሜዳው ላይ።»

«መኪና እሰጥዎታለሁ። የጭነት መኪኖቹ ዳገቱ አናት ላይ ይጠብቃሉ። የእግር መንገዱ ግን ሐሙስ ጠዋት ይቆረጣል ነው የሚሉት።» ተነሳ፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። «ካልሆነ ለራስዎ ይውጡ።»

ከሰዓት በኋላ ደረሰች። ከዳገቱ አናት ስትወርድ መጀመሪያ ያገኘቻቸው ከብቶቹን ነው። ደጎሌዎች ላምና ፍየላቸውን ሁሉ ወደ ዳገቱ አስወጥተው፣ ራሳቸው ወርደው ተቀምጠዋል። ከብት ተረት አያውቅም፤ ተቀምጦ ስለማይጠብቅ ይሰምጣል ብለው ነው።

ሜዳው ላይ በመደዳ ተቀምጠዋል፤ ወንበር ያለው በወንበር፣ የሌለው በምንጣፍ፣ በጀሪካን፣ በድንጋይ። ዣንጥላ ዘርግተዋል። አንዱ ጺሙን ይላጫል፣ ሴቶች ሽሮ ያዞራሉ፣ ልጆች እግራቸውን እያወዛወዙ የቃል ትምህርት ይደጋግማሉ። ውሃው የባንዲራውን ምሰሶ አልፏል። ሲገፋ ድምፅ የለውም፤ ሣሩ ብቻ እየጎነበሰ ይጠፋል። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ከርመዋል። ፍርሃት አይታይባቸውም፣ ድካም ነው የሚታየው፤ አውቶቡስ ሲጠብቅ የዋለ ሰው ድካም።

ሶልያና ከታች በኩል ሁለተኛው መደዳ ላይ፣ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ጋቢ ደርባ ተቀምጣለች። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ከታመመ ቆይቷል። እናታቸው ስትሞት ኤልዳናን ያሳደገቻት፣ ለትምህርት የላከቻት እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት በዚህ ትምህርት ቤት አስተምራለች። ሜዳው ላይ ካሉት ግማሾቹ የእሷ ተማሪዎች ናቸው።

«መጣሽ?» አለች፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል።

«መጣሁ፣ እትዬ።»

«ከስተሻል። በይ ተቀመጪ፣ ይቺ ጎረቤቴ የሐናን እናት ቦታዋን ትለቅልሻለች።»

«ልቀመጥ አልመጣሁም። ላስነሳሽ ነው የመጣሁት።»

«ይሄው ነው የቀረኝ» አለች ሶልያና፣ ፈገግ ብላ። «በስተርጅና ልሩጥልሽ?»

ኤልዳና ጎንበስ ብላ ድምፅዋን ቀነሰች። «እትዬ፣ ተረቱ እንዲህ አይደለም። አንቺ ታውቂያለሽ። ሲነግሩን ነበርሽ።»

ሶልያና ወደ ውሃው አየች። «እኔ የማውቀው መጽሐፉ ላይ ያለውን ነው» አለችና ጋቢዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች። ከዚያ በኋላ ብትጠይቃትም፣ ብትለምናትም፣ ስለ ጉልበቷ እንጂ ስለ ሌላ አልተናገረችም።

ኤልዳና የመጨረሻ ተስፋዋን አወጣች። አሮጌውን መቅረጫ ከፍ አድርጋ ይዛ የእማማ ጦይባን ድምፅ ለሁሉም አሰማች፤ ያልተነካውን፣ ከነሳላቸው። «... ተነሣችና ሄደች፣ ልጆቼ፣ ቁጭ ብላ አልቀረችም...» ሰዉ በትዕግሥት ሰማ። ሲያልቅ የተወሰኑት አጨበጨቡ።

የመንደሩ ዳኛ ጋሽ ናሆም ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሽማግሌ። «ጥሩ ሠርታችኋል» አሏት። «ሳሉ በተለይ ቆንጆ ነው። ባለፈው ሳምንት ስለ ክትባት የላካችኋት እናቴ ግን በሙሉ ስሜ ጠራችኝ። ናሆም ጌታሁን አለችኝ። እናቴ በሕይወቷ አንድ ቀን ናሆም ብላኝ አታውቅም።»

«ይሄ የቢሮው አይደለም፣ ጋሼ። እኔ ራሴ የቀዳሁት ነው።»

«እሱንም ነው የሚሉት ሁሌ» አሉ፣ ሳይቆጡ።

መኪናዋ ውስጥ አደረች። እውነቱ እጇ ላይ ነበር፤ ቢሮዋ ግን የሙታንን አፍ ሁሉ አስቀድሞ ተጠቅሞበታል። ማንን ልትወቅስ ነው? የመጀመሪያውን የሟች ድምፅ ትረካ የጻፈችው እሷው ናት፣ ያኔም ተጨብጭቦላታል። ደክሟት ስለነበር አለቀሰችና ተኛች።

ረቡዕ ጠዋት ስትወርድ ሜዳው ላይ ጭቅጭቅ ነበር። አንድ ሰውዬ ዣንጥላው ጠፍቶበት ይጮሃል። «አውጫጭኝ ይጠራልኝ!» ይላል፤ ሰዉ ይስቅበታል።

ኤልዳና ቆመች።

አውጫጭኝ ደጎሌ ያልተወችው ወግ ነው። በግ ሲሰረቅ፣ የሰው ዛፍ ሲቆረጥ፣ መንደሩ በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሌባው ሳይወጣ ማንም ከቦታው አይነሳም፤ ዝናብ ቢዘንብም፣ ሠርግ ቢኖርም። ሌባው ከወጣ ደግሞ ማንም እዚያ አይቀመጥም። ሌባ የወጣበት ሜዳ ሰባት ቀን ሰው አይቀመጥበትም፤ ዳኛው «ተነሱ» ካለ ልጅም ሽማግሌም ይነሳል። ይህን ሕግ የጣሰ ሰው በደጎሌ አልነበረም። የመንግሥትን ሕግ የጣሰ ሞልቷል፣ ይህን ግን ማንም።

«በሕግ አምላክ!» አለች ኤልዳና።

ድምፅዋ ቀጭን ነበር፣ ግን ቃሉ ቃል ነው። ጺሙን የሚላጨው ሰውዬ ምላጩን ያዝ አደረገ።

«ከደጎሌ ነገር ተሰርቋል። አውጫጭኝ እጠራለሁ።»

ጋሽ ናሆም ከወንበራቸው ተነሱ። ዳኛ ብቻ ነው ቆሞ የሚናገረው። «ምንድን ነው የተሰረቀው?»

«የእማማ ጦይባ ተረት። ተሰርቆ በቦታው ሌላ ተቀምጧል።»

ሳቁ ከመደዳ መደዳ ተላለፈ። «ተረት ይሰረቃል እንዴ?» አለ ባለ ዣንጥላው፣ የእሱ ነገር ስለተዘነጋ ቅር ብሎት።

«ለምን አይሰረቅም?» አለች አንዲት አሮጊት ከኋላ። «የኔን የሠርግ ዘፈን ቃሉን ለውጠው በሬዲዮ ሲዘፍኑት አልነበረም? ሌባ ሌባ ነው።»

ጋሽ ናሆም የመንደሩን ሼህና መሪጌታውን አዩ። ሁለቱም ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ ሕጉ የተሰረቀው ነገር የሚበላ ይሁን የሚነገር አይልም። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ቀልዱ ከፊታቸው ላይ ጠፋ።

«እንግዲህ ተጠርቷል» አሉ። «የሚያውቅ ይናገር፣ የደበቀ አይውጣለት።»

ከላይኛው መደዳ ተጀመረ። እያንዳንዱ አዋቂ እየተጠየቀ «አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ ብሰማ አልደብቅም» ይላል። ዘለግ ያለ ሥራ ነው። ምሳ ሰዓት ሲሆን ግማሹ ላይ ደርሰዋል። ውሃው በበኩሉ ከታችኛው መደዳ ገባ፤ ሰዎቹ ሳይነሱ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቀሉ። ሕፃናት ከታች ወደ ላይ በእጅ ተቀባበሏቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኤልዳና ዘንድ ደረሱ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ተረቱን የሰረቅሁት እኔ ነኝ። እማማ ጦይባ ሴትየዋ ተነስታ ሄደች ነው ያሉት። ለጥናቴ ስለማይመቸኝ አስቀመጥኳት። ስሜም ተመሰገነበት።»

የሳቀ አልነበረም። ጋሽ ናሆም ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ራሱን የከሰሰ ሰው ምስክር ያስፈልገዋል። ይህን ረስተሻል። ስንት እናት የልጇን ሌብነት በራሷ ላይ አድርጋለች። ያኔ ማን ነበረ?»

ረስታው ነበር። ቀና አላለችም። በዚያች ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዳቸው ሞተዋል።

«እህቴ» አለች።

ሦስት መቶ ሰው ወደ ሶልያና ዞረ። ሶልያና ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደርሷል፤ እግሯን መስቀል ስለማትችል እንዲሁ ተወችው። ሼሁና መሪጌታው ቀርበው እውነቱን እንድትናገር፣ ለፍርዱም እንድትገዛ አማሏት። ከማለች በኋላ የጋቢዋን ጫፍ ከውሃው ሰበሰበች። ኤልዳና እህቷ ትዋሻለች ብላ አሰበች፣ ብትዋሽም እንደማትፈርድባት አወቀች። የሠላሳ ዓመት የማስተማር ሥራዋን፣ ባስተማረቻቸው ሁሉ ፊት፣ በአንድ ቃል እንድትጥል ነበር የተጠየቀችው።

«ነበርኩ» አለች ሶልያና በመጨረሻ። «ጥጥ እየፈተልኩ ነበር። እማማ ጦይባ ተነስታ ሄደች ነው ያሉት። እግሯን ካነሳችበት ውሃ ሞላ ነው ያሉት።»

«አውቀሽ ነው ታዲያ ለልጆቻችን ሌላውን ያስተማርሽው?» አሉ ጋሽ ናሆም። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር፤ የእሳቸውም ልጆች የእሷ ተማሪዎች ናቸው።

«አውቄ ነው።»

«ለምን?»

«መጽሐፉ ላይ የእህቴ ስም ነበር» አለች። «በየዓመቱ ልጆቹ ገጹን ገልጠው ስሟን ጮክ ብለው ያነቡ ነበር። እሱን መስማት ደስ ይለኝ ነበር። ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም።»

ኤልዳና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። በሕይወቷ እንዲህ አፍራ አታውቅም፣ እንዲህም ተወድዳ አታውቅም፤ ሁለቱን መለየት አቃታት።

ጋሽ ናሆም ከሼሁና ከመሪጌታው ጋር ጥቂት ተንሾካሾኩ። ከዚያ ፍርዱን ሰጡ።

«የተሰረቀው ለባለቤቱ ይመለስ። ተናገሪው።»

ኤልዳና ተረቱን ነገረቻቸው። እንደ እማማ ጦይባ አላማረባትም፣ ድምፅዋም ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። ሰርገኞቹ ቦታችን ይያዝብናል ብለው የቀሩበት ላይ ስትደርስ ከታችኛው መደዳ አንድ ሰው ወደ እግሩ ሥር አየ። ከዚያ ጎረቤቱ አየ። በሠላሳ ሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተረት የሚሰማ ሰው ራሱን ከሰመጡት ጋር ሲቆጥር በዓይኗ አየች።

«ተመልሷል» አሉ ጋሽ ናሆም። «ሌባዋ ግን የደጎሌ ሰው አይደለችም ከዛሬ ጀምሮ። ደጎሌ በሄደበት ሁሉ፣ በሠፈርንበት አገር ሁሉ፣ ከኛ ጋር አትቀመጥም፣ አትበላም፣ ቃል የሚለዋወጣት፣ እጇን የሚይዝ አይኖርም። የደበቀችው ምስክር ተናግራለችና ይቅር ተብላለች። በምሕረት ከኛ ጋር ናት፣ ፍርዱ ግን እሷንም ይይዛታል።» ቆም አሉ። ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ አሥራ ሁለት ቀን አልተኙም። «አውጫጭኙ አልቋል። ሌባ የወጣበት ሜዳ ነው፤ ተነሱ።»

ተነሱ። መጀመሪያ የላይኛው መደዳ፣ ከዚያ መካከለኛው። የታጠፈ ጉልበት ሲዘረጋ የሚያሰማው ድምፅ፣ «ኧኧ» የሚል የሽማግሌ ትንፋሽ፣ የወንበር ግጭት። ምንጣፍ ተጠቀለለ። ባለ ዣንጥላው ዣንጥላውን ከጎረቤቱ ወንበር ሥር አገኘው። ማንም አልቸኮለም።

«ውሃው ስለመጣ ነው የምንሄደው?» አለች አንዲት ትንሽ ልጅ።

«አይደለም» አለቻት እናቷ። «አውጫጭኙ ስላለቀ ነው።»

ወደ ዳገቱ መውጣት ጀመሩ። በኤልዳና አጠገብ ሲያልፉ መንገድ እንደሚዘጋ ድንጋይ ዞረው ያልፏታል። ትናንት ቦታዋን ልትለቅላት የነበረችው የሐናን እናትም ዞራ አለፈች። ኤልዳና አልከፋትም። አንድ በአንድ ትቆጥራቸው ነበር፤ ሁለት መቶ ስድሳ፣ ሦስት መቶ፣ ሦስት መቶ አሥራ አንድ።

ሶልያና አልተነሳችም።

ሁለት ጊዜ የወንበሯን ክንድ ተደግፋ ሞከረች፣ ጉልበቷ አልታዘዝ አለ። ውሃው የወንበሩ እግር መሃል ደርሷል። ኤልዳና ወደ እሷ ሮጠች፣ እጇን ዘረጋች። «እትዬ፣ ያዢኝ።» ሶልያና እጁን አየችው። ከልጅነቱ ጀምሮ የምታውቀው እጅ ነው፤ ፊደል ያስጻፈችው እጅ ነው። ቀና ብላ እህቷን አላየችም፣ እጁንም አልያዘችም። ምላ ነበር።

«ጋሽ ናሆም!» ብላ ጮኸች ኤልዳና። ሽማግሌው ዳገቱ ጅምር ላይ ነበሩ። አልመለሱላትም፣ ግን ዞረው አዩ። ካዩ በኋላ ሁለት ጎልማሶችና የሐናን እናት ወደ ታች ወረዱ። ሶልያናን ከነወንበሯ አነሷት፣ ጎልማሶቹ ግራና ቀኝ ይዘው፣ የሐናን እናት ጋቢዋ ውሃ እንዳይነካ እየሰበሰበችላት።

በኤልዳና ፊት ሲያልፉ ሶልያና ወንበሩን መታ መታ አደረገች፤ ቆሙ። ፊቷን ወደ ዳገቱ እንዳደረገች፣ ለሐናን እናት ተናገረች፣ ሜዳው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ጮክ ብላ፣ ክፍል ውስጥ እንደምትናገረው።

«ንገሯት፣ እዚያ ውሃ ዳር አትቁም» አለች። «መዋኘት አትችልም።»